ስም የሌለው ቅባት

«ጄሪካንሽን ከእኛ ጋር አታነካኪው» አለች በቦኖው ሰልፍ መሀል የቆመች ሴት። የተነገራት ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። ቢጫ ጄሪካኗን አንስታ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለች። «ከዚያም ራቅ በይ» አለች ሌላዋ። ልጅቷ አሁንም ወደ ኋላ ሄደች፤ እንዲህ እየተባለች ከሰልፉ ወጥታ አጥር ጥግ ቆመች። ሴቶቹ የሚነጋገሩት በወላይትኛ ነው። ድምፃቸው የቁጣ አልነበረም፤ ስለ ጎደሬ ዋጋ የሚያወሩ ነበር የሚመስሉት። ጦይባ የላብራቶሪ ቦርሳዋን በትከሻዋ አንጠልጥላ ወደ ሥራ ስታልፍ ይህን ሰማች። ሶዶ ተወልዳ ያደገች በመሆኗ አንድም ቃል አላመለጣትም። ልጅቷንም ታውቃታለች፤ የሸክላ ሠሪዋ የጸሐዬ ልጅ ህብረት ናት። ቆም ብላ አንድ ነገር ልትናገር አሰበች። ሰዓቷን አየች፤ ሁለት ከሩብ ሆኗል። የዛሬው ሥራ ራሱ ይናገርልኛል ብላ መንገዷን ቀጠለች።

ሰፈሩ ከተጨነቀ ወር ሊሞላው ነው። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ተማሪዎች አንገት ላይ የታየ ጭርት ነበር፤ ጭርት ደግሞ ለማንም አዲስ ነገር አይደለም። በኋላ ግን አዋቂዎችም ፊታቸው፣ ብብታቸው፣ ጭናቸው ቀልቶና አብጦ፣ እሳት የነካው ይመስል ውኃ እየቋጠረ ይመጡ ጀመር። በጤና ጣቢያው መዝገብ ላይ ስድሳ ሦስት ሰው ደረሰ። ወሬው ከመዝገቡ ይፈጥን ነበር። በሽታው የወጣው ሸክላ ሠሪዎቹ ከሚቆፍሩት ጭቃ ነው ተባለ፤ ሥጋ ደዌ ነው ያለም አልጠፋ። በመጨረሻ «የጸሐዬ እከክ» የሚል ስም ወጥቶለት ቀረ። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀበሌው ስብሰባ ጠርቷል። አራቱ የሸክላ ሠሪ ቤተሰቦች ከቦኖው ውኃ እንዳይቀዱ፣ ልጆቻቸውም ትምህርት ቤት እንዳይሄዱ ሊወሰን ነው ይባላል። ከዚያ በፊት መልስ ይዘው እንዲመጡ የሚጠበቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዷ ጦይባ፣ ሌላው ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ የመጣው የበሽታ ቅኝት ባለሙያ እስራኤል። እስራኤል ሥራውን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ወላይትኛው ግን ከሰላምታ አያልፍም። ቤት ለቤት ሲዞሩ እሱ ይጠይቃል፣ እሷ ትተረጉማለች፣ እሱ ይጽፋል።

ሰው ሁሉ ከዚያ ጀምሩ ስላለ የጀመሩት ከጸሐዬ ቤት ነው። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ግማሹን ገና እሳት ያልነካቸው ማሰሮዎች ይዘውታል፤ በቀረው ግማሽ ደግሞ አንድ አልጋ፣ አንድ አግዳሚና ግድግዳው ላይ በምስማር የተንጠለጠሉ የትምህርት ቤት ልብሶች አሉ። ጸሐዬ እጇ ላይ የደረቀውን ጭቃ በቀሚሷ ጠርጋ አግዳሚው ላይ እንዲቀመጡ ጋበዘቻቸው፤ እነሱ እስኪቀመጡ ድረስም ዓይኗን ከአግዳሚው ላይ አላነሳችም። ሲቀመጡ ፊቷ ትንሽ ፈታ አለ። «አንዱን ማሰሮ መቶ ሃያ ብር እሸጠው ነበር። ይኸው ሦስተኛ ገበያዬ፣ የወሰድኩትን ይዤ ስመለስ» አለች ማንም ሳይጠይቃት። ህብረት ከቦኖው በባዶ ጄሪካን ተመልሳ በር ላይ ቆማለች። ጦይባ ወደ ብርሃኑ አዙራ አንገቷን አየች። ከጆሮዋ በታች አንድ ክብ ነገር አለ፤ የሳንቲም ያህላል፤ ዳር ዳሩ ከፍ ብሏል፣ መሀሉ ደግሞ ድኗል። ሌላ ምንም የለም። እስራኤል መቼ እንደ ወጣባት አስጠየቀ። ሁለት ሳምንት ገደማ ነው አለች እናቷ፤ ከሌሎቹ ልጆች በኋላ ነው። ምን ተቀባች ሲል ጸሐዬ ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ምን እቀባታለሁ? በሳሙና አጥባታለሁ እንጂ፤ ለቅባት የሚተርፍ ከየት አመጣለሁ?» ጦይባ በምላጭ ጫፍ ከክቡ ዳር ትንሽ ቆዳ ፍቃ በመስታወት ቁራጭ ላይ አኖረች። ልጅቷ ንቅንቅ አላለችም።

ከደጅ ሲወጡ እስራኤል ወረቀቱን በእስክሪብቶው መታ መታ እያደረገ፣ «አየሽ ጦይባ፣ በሽታው ከእሷ መጣ የሚሏት ልጅ ከሁሉም የተሻለች ናት» አለ። «ዘግይቶ ነው የያዛት፤ ደግሞም አልተስፋፋባትም። ሌሎቹ የነኩት፣ እሷ ያልነካችው አንድ ነገር አለ።» ጦይባም ይኸው ነበር በአእምሮዋ የሚመላለሰው። ሥራዋን የምትወደው እንዲህ ባለው ሰዓት ነው፤ ቋጠሮው ሊፈታ ሲል።

ቀጥለው የገቡት አማርኛ ከማይሰሙ አንዲት አሮጊት ቤት ነበር። አሮጊቷ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አደረጉ። ከግንባራቸው እስከ አንገታቸው ቀልቷል፤ ቆዳው ከመሳሳቱ የተነሳ ደም ሥሩ ይታያል፤ በላዩ መግል የቋጠሩ ብጉሮች ፈሰዋል። ምን ተቀቡ ተብለው ሲጠየቁ ከትራሳቸው ሥር አንዲት ነጭ የፕላስቲክ ብልቃጥ አወጡ። ጽሑፍ የላትም። ክዳኗ ዙሪያውን በሰማያዊ የኤሌክትሪክ ፕላስተር ተጠቅልሏል። ጦይባ ብልቃጧን ተቀብላ ቆመች። ያንን ፕላስተር ታውቀዋለች። ባለሱቁ ወንድሟ ነስረዲን ማር ሲሸጥ፣ ዘይት ሲያሽግ፣ ሽቶ በትንንሹ ሲከፍል ክዳኑን በዚያ ፕላስተር ነው የሚጠቀልለው። ልጅ ሆና ከሱቁ መደርደሪያ ሥር ተቀምጣ ፕላስተሩን በጥርሷ እየቆረጠች የምታቀብለው እሷ ነበረች።

«ከየት ነው የገዙት?» አለ እስራኤል።

አሮጊቷ ጥያቄው ሲተረጎምላቸው ፊታቸው በራ። በወላይትኛ፣ «ወንድምሽ ነዋ የሰጠኝ፣ እጁ ይባረክ» አሏት። «በሁለት ቀን ማሳከኩን ጥርግ አድርጎልኝ ነበር። ሲያልቅብኝ ባሰብኝ፤ ደግሜ ገዛሁ። በዱቤም ቢሆን እምቢ አይለኝም።» እስራኤል እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አድርጎ እየጠበቀ ነበር።

«ከገበያ ነው ይላሉ» አለች ጦይባ። «ከአዟሪ።»

እስራኤል ጻፈ። አሮጊቷ አንዴ እሱን አንዴ እሷን እያዩ ፈገግ ይሉ ነበር። በሚቀጥለው ቤት አንዲት ወጣት እናት ጡት የሚጠባ ልጇን ጭን ገልጣ አሳየቻቸው፤ እንደ ተገፈፈ ሥጋ ቀልቷል። ብልቃጧም፣ ሰማያዊው ፕላስተርም ያው ነው። እናትየዋም በዚያው በወላይትኛ ተናገረች፤ ጦይባም በዚያው ቃል «ከአዟሪ» አለች። ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው መቅለሉ አስደነገጣት። በአራተኛው ቤት ሰው አልነበረም፤ አላህን አመሰገነች፤ ማመስገኗም አሳፈራት። ብልቃጦቹን እስራኤል በፌስታል ቋጥሮ በእጁ ይዞ ነበር የሚሄደው፤ በየእርምጃው እርስ በርስ እየተጋጩ ያንኳኳሉ።

ከቀትር በፊት ጤና ጣቢያ ተመልሳ ማይክሮስኮፑ ላይ ተቀመጠች። የልጅቷን፣ የአሮጊቷን፣ የሕፃኑን በየተራ አየች። በሦስቱም ላይ ቅርንጫፍ ያወጣ ስስ ክር የመሰለው ነገር አለ፤ ፈንገስ ነው። የልጅቷ ላይ ፈልጋ ነው ያገኘችው፤ የሌሎቹ ላይ ግን እንደ ተዘበራረቀ ጥጥ መስታወቱን ሞልቶታል። እስራኤል ከኋላዋ ጎንበስ ብሎ አየና ወንበር ሳበ። «ቅባቱ ውስጥ ጠንካራ የሐኪም መድኃኒት ገብቷል» አለ። «ማሳከኩንና ቅላቱን ያስታግሳል፤ ሰውየው የዳነ ይመስለዋል። ግን ቆዳው ራሱን እንዳይከላከል ስለሚያደርገው ፈንገሱ ከሥር እንደ ልቡ ይሮጣል። አዟሪውን ካላገኘን የትም አንደርስም።» ጦይባ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ አላነሳችም። ብታነሳ ፊቷ ላይ ያነብብኛል ብላ ፈራች።

ለምሳ ቤት ሄደች። ቤቱ ከሱቁ ጀርባ ነው፤ አባታቸው ከስልጤ መጥቶ የሠራው፣ እናትና አባታቸው ሲያልፉ ነስረዲን እሷን ያሳደገበት። ነስረዲን ከመስጊድ ተመልሶ ምንጣፉ ላይ ተቀምጧል፤ ሚስቱ ጀዋሂር የተቀቀለ ጎደሬና ዳጣ አቅርባለች። ልጃቸው ሪሀና ጥግ ላይ ናት። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ጉንፋን ይዞኛል ብላ ማስክ ካጠለቀች ሁለት ሳምንት አልፏታል። ጦይባ በየቀኑ አይታታለች፤ አንድም ቀን ግን ልብ ብላ አላየቻትም። አሁን ግን ልጅቷ ጎደሬውን በማስኩ ሥር እያሾለከች ስትበላ አየች። ጀዋሂር ስለ ስኳር መወደድ አወራች። ነስረዲን በሐዋሳ በኩል የመጣው ዱቄት ደህና አይደለም አለ። ጦይባ፣ «ሪሁ፣ ማስክሽን አውልቂው እስቲ» አለች። ወሬው ተቋረጠ። ልጅቷ እናቷን አየች፣ እናቷ ባሏን አየች፣ ነስረዲን ዳጣውን አየ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሪሀና ማስኩን ወደ አገጯ ሳበችው። ሁለቱ ጉንጮቿ የአሮጊቷን ፊት ይመስላሉ።

ጦይባ እስራኤል የነገራትን ቃል በቃል ለወንድሟ ነገረችው፤ ከሁለቱ ቤቶች የተገኙትን ብልቃጦችም። ነስረዲን እስክትጨርስ አላቋረጣትም፣ አልተቆጣትምም። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «መርካቶ ከማምነው ሰው በካርቶን ነው የማመጣው፤ ሦስት ዓይነት የቱቦ ቅባት እቀላቅላለሁ» አለ። «ሙሉ ቱቦውን አራት መቶ ብር ማን ይገዛል? እኔ በብልቃጥ ከፍዬ በስልሳ ብር ሰጠኋቸው። ማታ ተቀብተው ጠዋት መጥተው መርቀውኛል። መርዝ ቢሆን ለገዛ ልጄ እሰጥ ነበር?» እውነቱን ነው። ሆን ብሎ ማንንም አልጎዳም። «የቀረውን ዛሬውኑ ሽንት ቤት እጨምረዋለሁ» አለ ቀጥሎ። «ይበቃል። ስሜ ለምን ይነሳል? እዚህ አገር አርባ ዓመት የኖርነው በሰው እምነት ነው።» ዓይኑ ደረቷ ላይ ካለው የሥራ ባጅ ላይ ትንሽ ቆየ። ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ አላላትም። ባይልም ሁሉም ሰሙት። ጀዋሂር ሳህኖቹን ታነሳ ጀመር። ጦይባ እጇን ስትታጠብ ሪሀና ማስኩን መልሳ አጥልቃዋለች።

የቀበሌው አዳራሽ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ሞላ። ወንበር ያጣው በመስኮቱ በኩል ቆሟል። ጸሐዬና ልጇ በር አጠገብ ተቀምጠዋል፤ በዙሪያቸው ያሉት ወንበሮች ባዶ ናቸው፤ ሰው ቆሞ ይሰማል እንጂ እዚያ አይቀመጥም። ነስረዲን ከነጋዴዎቹ ጋር ፊት ለፊት አለ። ሊቀመንበሩ አቶ ዳና ክፉ ሰው አይደሉም፤ የፈሩ ሰው ናቸው። ረዘም ያለ ንግግር አደረጉና ለባለሙያዎቹ ዕድል ሰጡ። እስራኤል በአማርኛ ተናገረ፤ ጦይባ ወደ ወላይትኛ መለሰች። በሽታው ፈንገስ ነው፤ ሥጋ ደዌ አይደለም፤ ከጭቃም አልመጣም፤ መድኃኒት አለው። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። አንድ ሽማግሌ ከተቀመጡበት ሆነው፣ «ያ ሁሉ ይሁን። ታዲያ እንዲህ ያባሰብን ምንድን ነው? ከማን መጣብን?» አሉ። ከኋላ አንዱ፣ «ከጪናሾቹ ነዋ፣ ምን ይጠየቃል» አለ። ሸክላ ሠሪዎቹን የሚጠሩበት የንቀት ስም ነው። ህብረት አንገቷ ላይ ያለውን ክብ በእጇ ሸፈነችው።

«ምንጩን ገና እያጣራን ነው በያቸው» አለ እስራኤል።

ጦይባ አፏን ከፈተች። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ብላው ብትቀመጥ ስብሰባው ይወስናል፣ ካርቶኑ ሽንት ቤት ይገባል፣ ቅባቱ ሲቆም ሰዉም ቀስ በቀስ ይድናል። ጸሐዬ ግን በሽታውን እንዳመጣች ትቀራለች፤ ልጇም፣ የልጅ ልጇም። ጠረጴዛውን ያዘች። በወላይትኛ፣ «ያባሰባችሁ በብልቃጥ የምትገዙት ነጭ ቅባት ነው» አለች። «ሰማያዊ ፕላስተር ያለበት። የእኛ ሱቅ ነው የሸጠላችሁ። ያ ቅባት ያልነካት ልጅ ይህቺ በር ላይ ያለችው ናት፤ ለዚህ ነው ከሁላችሁም የተሻላት። ጠዋት ሁለት ሰዎች ነግረውኝ ነበር፤ እኔ ውሸት ተረጎምኩ።»

ፊቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ነስረዲን ዞሩ። እስራኤል ቃሉ ባይገባውም ፊቶቹ ወዴት እንደ ዞሩ አይቷል። «ምን አልሽ?» አላት በጆሮዋ። ጦይባ ሁሉንም እንደገና በአማርኛ መድገም ነበረባት፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ባሰባት። ከጎኗ ሆኖ እየጻፈ ያለው ሰው ጠዋት ያመናት ሰው ነው። እሷ ገና ስትናገር ነስረዲን ተነሳ። ቆቡን አስተካከለ፤ ሰዎቹ መንገድ ለቀቁለት፤ ወጣ። አቶ ዳና ጉሮሯቸውን ጠርገው ውሳኔ የሚባል ነገር ዛሬ የለም አሉና ስብሰባውን በተኑት።

በር ላይ ጸሐዬ ጠበቀቻት። ጦይባ ምስጋና ይሆናል ብላ ሰግታ ነበር፤ ለምስጋና የሚሆን ፊት አልነበራትም። ጸሐዬ ግን፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?» አለቻት።

«ከረፋዱ።»

«እኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተሰደብን» አለችና የልጇን ትከሻ ይዛ ሄደች። ከዚህ የሚከብድም የሚቀልም ቃል እንደማይገባት ጦይባ አወቀች።

እስራኤል አልተቆጣትም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ጠዋት የተሞሉትን ሁለቱን ቅጾች ቀዶ ኪሱ ከተተ። «ነገ በሌላ አስተርጓሚ እሞላቸዋለሁ» አለ። «አሁን የቸገረኝ ሌላ ነው። ይህን ቅባት በድንገት ያቆመ ሰው መጀመሪያ ይብስበታል። ፈርቶ ሌላ ነገር ይቀባል። የገዙትን ሁሉ ዛሬውኑ አግኝተን መድኃኒቱን ማስጀመር አለብን። ማን እንደገዛ የሚያውቀው ደግሞ ወንድምሽ ብቻ ነው። ፖሊስ ይዤ ብሄድ አፉን ይዘጋል።» ባዶ ቅጾችና እስክሪብቶ ሰጣት።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ሱቁ ዘንድ ደረሰች። ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት ስኳርና ሳሙና የሚገዛ ሰው ይጋፋበታል፤ ዛሬ ማዶ ቆመው የሚያዩ እንጂ የሚገባ የለም። የቆርቆሮ መዝጊያው እስከ ግማሽ ወርዷል። ጎንበስ ብላ ገባች። ነስረዲን በካርቶኖቹ መሀል የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጧል። ካርቶኖቹ ተከፍተዋል፤ ሽንት ቤት አልተጨመሩም። ጀዋሂርና ሪሀና ከጓዳው በር ላይ ቆመዋል። ማንም «ግቢ» አላላትም። ጦይባ የምትቀመጥበት ፈልጋ አጣችና መደርደሪያው ሥር መሬት ላይ ተቀመጠች። ያሰበችው ይቅርታ፣ ያዘጋጀችው ምክንያት ሁሉ ጠፋባት። «የገዙትን ሰዎች ስም እፈልጋለሁ» ነው ያለችው። «ካልታከሙ ይብስባቸዋል።»

ከውጭ የባጃጅ ድምፅ መጣና አለፈ። ጦይባ ውጪ እንዲላት፣ እንዲሰድባት ጠበቀች። ነስረዲን ሁለቱን መዳፎቹን ፊቱ ላይ አድርጎ ቆየ፤ እጁን ሲያወርድ በአንድ ከሰዓት ያረጀ ይመስል ነበር።

«ከላይኛው መንገድ ልጀምር» አለ። «ዮሴፍ፣ ባጃጅ የሚነዳው።»

«የአባት ስም?»

«ጩማ። ሰናይት፣ ሻይ ቤቷ። የአባቷ ስም ተክለጻድቅ ነው። ከእሷ ጎን ያሉት አሮጊት፤ እሳቸው ጋ ዛሬ ሄዳችኋል።» ወረቀት አላየም፣ ደብተር አልገለጠም። ቤቶቹን በሐሳቡ አንድ በአንድ እያንኳኳ ሰዎቹን ጠራቸው፤ ማን ስንት ጊዜ እንደገዛ፣ ማን ለሚስቱ፣ ማን ለልጁ ብሎ እንደወሰደ፣ ማን አፍሮ በሰው እንዳስገዛ። ጦይባ ጻፈች። አንደኛው ቅጽ ሞላ፣ ሁለተኛው ሞላ፣ ሦስተኛውን አዞረችው። አንዳንዱ ስም ላይ ድምፁ ይሰበርና ጉሮሮውን ጠርጎ ይቀጥላል። መንገዱን እስከ ታችኛው ድልድይ ጨርሶ ወደ ገዛ ቤቱ ደረሰ። ጀዋሂር ከጓዳው በር ላይ ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች።

«ሪሀና» አለ።

የጦይባ እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ቆመ። ቀጥሎ ያለውን ጥያቄ ልትጠይቀው አልቻለችም፤ እስካሁን ግን ከአርባ በላይ ጊዜ ጠይቃው ነበር።

«የአባት ስም ነስረዲን ብለሽ ጻፊ» አላት።